ሰባት ዙር ሲባጎ

እኛ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው እጁን ሦስት ጊዜ ካልታጠበ ማድ ቤት አይገባም። የምንሠራው ክሪስታል ከስኳር ስድስት መቶ እጥፍ ይጣፍጣል። ብናኙ ፀጉር ውስጥ፣ ጥፍር ሥር፣ ቅንድብ ላይ ተሸሽጎ ቤት ድረስ ይከተላል። አማቴ በጨው የዘፈዘፈችውን ጎመን ከኔ ደብቃ አልጋዋ ሥር ነው የምታስቀምጠው። አንዴ የማሰሮውን ክዳን ብቻ ብነካ፣ "ጎመኔን ማር አደረገችብኝ! ልጄ ምን ዓይነት ጣጣ ነው ያገባብኝ!" ብላ ሰፈሩን ሰብስባለች። በከተማው ደግሞ "የዚያ ፋብሪካ ሰው ሲዋሽ እንኳ ይጣፍጣል" ይሉናል። ለምደነዋል።

ዩንፌ እባላለሁ፤ የናሙና ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሥራው እንዲህ ነው። ስኳሩ ከክሎሪን ጋር ይዋሃዳል፣ ይጣራል፣ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ እንደ ውርጭ ክሪስታል ያወጣል። ክሪስታሉ ተጨምቆ ማድረቂያ ይገባል፤ ከማድረቂያው ወጥቶ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ በርሜል ይገባል። ማምረቱስ እሺ፣ ማንም ይለምደዋል። ጣጣው ማቆየቱ ነው። ነጭ ሆኖ በርሜል የገባው፣ ባሕር ተሻግሮ ሲከፈት ነጭ መሆን አለበት።

ከእያንዳንዱ ምርት ሁለት ትንንሽ ከረጢት ወደኔ ይመጣል። ልክ እንደ ትልቁ አስሬ፣ ቀን ጽፌ፣ መደርደሪያ ላይ አኖራለሁ። ክፍሉ ሆን ተብሎ እንደ መጋዘን የሞቀ ነው፤ ናሙናው የበርሜሉን ዕጣ ይቅመስ ተብሎ ነው። ደንበኛ ሲያማርር አውርደን እናያለን። እስከዚያው ሥራዬ ማስቀመጥና ዝም ማለት ነው፤ ዝም ማለቱ ላይ ጎበዝ ነኝ።

ማሰርን ያስተማሩኝ መምህሬ ጉ ናቸው። በእኛ ወግ አንድ ሰው ሙያ ሲያስተምርህ ተንበርክከህ ሻይ ትቀዳለታለህ፤ ከዚያ በኋላ መምህርህ ነው፣ በሰው ፊት አትመልስለትም፣ እስኪሞት። እኔም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተንበርክኬ ቀድቼላቸዋለሁ። ጉ ያን ጊዜም ዛሬም የማሸጊያው ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

የእሳቸው ቋጠሮ በፋብሪካው የታወቀ ነው። የከረጢቱን አንገት ትጠመዝዛለህ፣ ወደ ታች ታጥፋለህ፣ በሲባጎ ሰባት ዙር ትጠመጥማለህ፣ በጥርስህ ስበህ ታጠብቃለህ። ከዚያ ውጭኛውን ከረጢት እንደገና ሰባት ዙር። ወንዙ ሞልቶ መጋዘኑ በር ድረስ በደረሰበት ዓመት የሌላው ሁሉ ክሪስታል ተጋግሮ ድንጋይ ሲሆን፣ ጉ ያሰሩት ብቻ እንደ ደረቅ አሸዋ ፈሰሰ። ቀይ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ መስታወት ገብቶ ማሸጊያው ክፍል ግድግዳ ላይ አለ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

እርጥበት ለኛ እንደ ጠላት ነው። ፕሪም በሚበስልበት ወር ዝናቡ ሳያባራ ይከርማል፤ ጫማ ይሻግታል፣ ብርድ ልብስ ይሻግታል፣ ሰው ራሱ ቶሎ ከወንበሩ ካልተነሳ ይሻግታል። በእኛ አገር የተበላሸ ነገር ካየህ ያበላሸው እርጥበት ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም።

እንግዲህ በዚያ የዝናብ ወር የላክነው አራት መቶ ሰማንያ በርሜል ከሁለት ወር በኋላ በመኪና ተጭኖ ተመለሰ። ግቢ ውስጥ አንዱን ሲከፍቱት ሽታው አፍንጫ ይወጋ ነበር፣ እንደ ኮምጣጤ። ክሪስታሉ የቀጠነ ሻይ መስሏል።

"እርጥበት!" አሉ ሥራ አስኪያጁ ሼን፣ ጣታቸውን እንኳ ሳያስገቡበት። "ማድረቂያው ላይ የነበረው ማን ነው?"

ማድረቂያው ላይ የነበረችው ሱቺን ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወሬዋና ሳቋ ከማድረቂያው ጩኸት በላይ ይሰማል። እናቷ ከከተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር ቶፉ፣ ውሃው ተጨምቆ የወጣለት የአኩሪ አተር አይብ፣ ትሸጣለች።

"አጥንት እስኪሆን ነው ያደረቅኩት" አለች ሱቺን። "በዝናቡ ወር 'ጨምሩ' ብላችሁ ስታዙ እንኳ ከታዘዘው ሁለት ሰዓት አስበልጫለሁ!"

"ከደረቀ ምን አበላሸው?"

"እኔ ምን አውቄ! የማድረቂያ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም።"

ሰዉ ሳቀ፤ ሼን ግን አልሳቁም። "ተኝተሽ ነው። ማሽኑን አጥፍተሽ ተኝተሽ፣ መዝገቡ ላይ የውሸት ሰዓት ጽፈሻል" አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው፤ ያን ዕለት ግን ለማንም እንዲያ አልመሰለውም። ለኔም ጭምር፣ እስከ ከሰዓት ድረስ።

ከሰዓት የዚያኑ ምርት ናሙና እንዳወርድ ታዘዝኩ። ሁለት ከረጢት ነው። አንዱን አወረድኩ፤ በሰባት ዙር የታሰረ፣ ውስጡ ሻይ የመሰለ። ሁለተኛውን አወረድኩ። ነጭ ነው። እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ፣ አፍንጫዬን ብከትበት ምንም አይሸትም።

አንገቱ ላይ ያለው ሲባጎ አይደለም፤ ቀይ የፀጉር ላስቲክ ነው። የኔ ላስቲክ። ትዝ አለኝ፤ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል። አንዱን በወጉ አስሬ ሁለተኛው ላይ ስደርስ "ነገ እመለስበታለሁ" ብዬ ፀጉሬን ፈትቼ በላስቲኩ አንዴ አሰርኩት። ነገውን ረሳሁት።

ደደብ አይደለሁም። ምርቱ አንድ፣ ማድረቂያው አንድ፣ ሱቺን አንድ፣ መደርደሪያው አንድ። የሚለያያቸው ቋጠሮው ብቻ ነው። የላላው ዳነ፣ የጠበቀው ተበላሸ። ልጅቷ አላጠፋችም። ያጠፋው መስታወት ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነው።

ነጩን ከረጢት ወደ መደርደሪያው ጥግ ገፋሁት። ሻይ የመሰለውን ይዤ ወረድኩ፤ ሼን "አያችሁ!" አሉ።

ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መምህሬን በሰው ፊት "ቋጠሮዎ ነው ያበላሸው" ልበላቸው? ተንበርክኬ ሻይ ቀድቼ? ደግሞ እውነቱን ካወራሁ አይቀር፣ ያ ላስቲክ የኔ ነው። ቋጠሮውን ባለማሰሬ እኔው ልባረር ነው። ሁለቱን ፍርሃት አንድ ላይ አደረግሁና አክብሮት ብዬ ጠራሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በአራተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አራት መቶ ሠራተኛ ሳህኑን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። ሁሌ የምሳ ሰዓት ዘፈንና የልደት ምኞት የሚነገርበት ነው። "የማድረቂያ ክፍል ሠራተኛ ሱቺን፣ በሥራ ሰዓት በመተኛትና የውሸት መዝገብ በመጻፍ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብታለች" አለ። ሱቺን ከኔ ሁለት ጠረጴዛ ማዶ ነበረች። ሩዟን ጨርሳ በላች፤ አንድ ፍሬ አላስቀረችም። ሳህኗን አጥባ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ ሳህኔን አየሁ።

በዘጠነኛው ቀን መምህሬ ወደ ናሙና ክፍል መጡ። ለአዲሱ ልጅ ቋጠሮ የሚያሳዩበት አሮጌ ከረጢት ፈልገው ነው። ራሳቸው መደርደሪያው ላይ እጃቸውን ሰደዱና ከጥጉ አወጡት።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው፣ መምህር።"

"የፀጉር ላስቲክ?"

"ሠርግ ነበረብኝ።"

"ሰባቱ ዙር ሠርግ ሄደ በይኛ" አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀኑን አነበቡ። ፈገግታው ቀረ። ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ወስደው ብርሃን ላይ አዩት፣ ፈቱት፣ አሸተቱት። በጣታቸው ጫፍ ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉ፤ ምላሳቸው ከሠላሳ ዓመት ሥራ በኋላ ጣፋጭ እንደማይለይ ሁላችንም እናውቃለን። ኮምጣጤውን ግን ይለያል።

"ዩንፌ፣ ይሄን ያየሽው ዛሬ ነው?"

"አዎ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ጣፋጭ ነበር፣ ዕውነቴን ነው።

"ዘጠኝ ቀኔ ነው" አልኳቸው።

"ልጅቷ ሳትባረር?"

"ሳትባረር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የእርስዎ ቋጠሮ ስለሆነ።"

"እኔ ቋጠሮ ነኝ እንዴ?" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምርሽ፣ ማስተምርሽ ገመድ መጠምጠም መስሎሽ ነበር? እኔ የማስተምርሽ ክሪስታሉ ነጭ ሆኖ እንዲቆይ ነው።"

ከረጢቱን ይዘው ሄዱ።

ሽማግሌው በአንድ ከረጢት የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ሱቺን ካደረቀችው የተረፈ ክሪስታል ወስደው አራት ከረጢት ሞሉ። ሁለቱን በራሳቸው እጅ፣ በሰባት ዙር፣ በጥርሳቸው ስበው አሰሩ። ሁለቱን አንድ ዙር ላላ አድርገው አሰሩ። ሁሉንም የቦይለር ክፍል ውስጥ፣ ሙቀቱ ላብ በሚያፈልቅበት ሣጥን ላይ ደረደሩ። አምስት ቀን ጠዋትና ማታ ሄደው ያያሉ። በነዚያ አምስት ቀናት ለኔ ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በአምስተኛው ቀን ጠሩኝ። የላሉት ሁለቱ ነጭ ናቸው። እሳቸው በጥርሳቸው ያጠበቋቸው ሁለቱ ሻይ ሆነዋል።

"አየሽ" አሉ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው። "ይሄ ነገር አጥንት ሆኖ ሲደርቅ፣ ሙቀት ሲነካው ትንሽ አሲድ ይተነፍሳል። መውጫ ካገኘ በንኖ ይሄዳል። ካጣ እዚያው ጎረቤቱን ይበላል፣ ጎረቤቱም ሌላውን። ድሮ የነበረን ማድረቂያ ደካማ ነበር፤ ጥቂት እርጥበት ይተውበታል፤ ያቺ እርጥበት ነበረች የምታረጋጋው። አዲሱ ማድረቂያ ሲመጣ ቋጠሮዬን ማላላት ነበረብኝ። አላልቼውም። ወረቀቱን እያየሁ አጠበቅኩት።"

"እርስዎ በምን ሊያውቁ፣ መምህር..."

"ማወቅ ሥራዬ ነበር" አሉና ተነሱ።

አራቱን ከረጢት ይዘን ሼን ዘንድ ገባን። ሼን አዩ፣ አሸተቱ፣ ደስ አላቸው። "በጣም ጥሩ! ቋጠሮው ይላላ፣ የማድረቂያው ሰዓት ይቀነስ፣ አየር የሚያስወጣ ከረጢት እናዛለን። በቃ፣ ወሬ አያስፈልግም።"

"ልጅቷስ?" አሉ ጉ።

"ከፈለገች ትመለስ። ማን ከለከላት?"

"ስሟስ?"

ሼን ስልካቸውን አነሱ። ማንም አልደወለላቸውም ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ መምህሬ "ተነሽ" አሉኝ፣ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሱቺን መንደሩ መንገድ ዳር፣ በእናቷ ድንኳን ሥር፣ በሰፊ ቢላ ቶፉ ትቆርጣለች። ስታየን ቢላውን አላስቀመጠችም።

"አጎቴ ጉ!" አለች፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነው። "መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። እናቴ የጣፈጠ ቶፉ አትሸጥም።"

ታጠብን። ሦስት ጊዜ። እናቷ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ በበርበሬ አቀረበችልን። መምህሬ ማንኪያ ሳያነሱ ቆመው ነገሯት፤ ማድረቂያው ልክ እንደነበር፣ ቋጠሮው የእሳቸው እንደሆነ፣ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ። "ይቅርታ አድርጊልኝ" ብለው አንገታቸውን ደፉ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው።

ዘጠኙን ቀን አላነሱም። አንዴ ብቻ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ሾርባዬን ጠጣሁ።

"ቀና ይበሉ፣ አጎቴ፣ ሰው ያየናል" አለች ሱቺን። "እርስዎ ላይ ቂም የለኝም።"

"ሥራሽ ይጠብቅሻል። ደብዳቤም አጽፍልሻለሁ፣ ማኅተም ያለው።"

"ደብዳቤ ማን ያነባል?" ቢላውን አሁን አስቀመጠችው። "ስሜን ድምፅ ማጉያው ሲጠራ አራት መቶ ሰው ሰምቷል። ስልሳው የዚህ መንደር ሰው ነው። እናቴ ቶፉ ስትመዝን፣ 'ውሃው በደንብ ወጥቷል? ወይስ እንደ ልጅሽ ተኝተሽበታል?' ይሏታል። በየቀኑ፣ አጎቴ። እየሳቁ። እሷም እየሳቀች ትመዝንላቸዋለች፤ ማታ ግን አትበላም። እንግዲህ በዚያው በጠራኝ አፍ ይጥራኝ። ያለዚያ አልመጣም።"

እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃውን ትቆሰቁስ ነበር። መቆስቆስ የሚፈልግ እሳት አልነበረም።

ልንሄድ ስንል ሱቺን አንድ ትልቅ ቁራጭ ቶፉ በቅጠል ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረች። "አንቺ ደግሞ እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። "ከዚያ ሁሉ ሴት ልታየኝ የመጣችው አንቺ ብቻ ነሽ።"

አውቶቡሱ ውስጥ ቶፉው ጭኔ ላይ ሞቅ እንዳለ ነበር። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህሬ በመስኮቱ ያያሉ። ቤት ስገባ አማቴ ቶፉውን ቀምሳ፣ "ዛሬስ እጅሽን ታጥበሻል፣ ጣዕሙን አልነካሽውም" አለች።

ሰኞ በምሳ ሰዓት መምህሬ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሼንን ሳያስፈቅዱ፣ የድምፅ ማጉያው ክፍል ገቡ። እኔን አስከትለዋል። ዘፈን የምታጫውተዋን ልጅ "አንድ ጊዜ ሻይ ጠጪ፣ የኔ ልጅ" ብለው አስወጧት። ስልካቸውን አውጥተው ሱቺን ዘንድ ደወሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከማዶ የገበያ ድምፅ፣ የቢላው ኳ ኳ ይሰማል። ማይክሮፎኑን ሁለቴ አንኳኩ። በመስኮቱ አራት መቶ ሰው ሳህኑን ይዞ ቀና ሲል አየሁ።

"ጉ ነኝ፣ ከማሸጊያ ክፍል" አሉ። "ሱቺን ማድረቂያው ላይ አልተኛችም። መዝገቧ እውነት ነው። አጥንት እስኪሆን አድርቃለች። አራት መቶ ሰማንያውን በርሜል ያበላሸው የኔ ቋጠሮ ነው፤ በጣም ጠበቀ፣ ክሪስታሉን አፈነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ዛሬ አውርጄዋለሁ። የሱቺን እናት ቶፉ ስትመዝን የሚስቅ ሰው ካለ፣ በኔ ይሳቅ። ሱቺን፣ ይቅርታ።"

ከስልኩ የቢላው ድምፅ ቆሟል። እኔ ተነፈስኩ፤ አለቀ ብዬ።

መምህሬ ማይክሮፎኑን አላጠፉም። በአንድ ጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው ፊቴ አቆሙት።

"አሁን ደግሞ የአንቺ" አሉ።

"መምህር፣ እባክዎ..."

"ስንት ቀን ነው?"

ይህን ሁሉ አራት መቶ ሰው ሰማ። አማራጭ አልነበረኝም፤ አማራጭ ቢኖረኝ ኖሮ የማደርገውን ደግሞ አውቀዋለሁ።

"ዩንፌ ነኝ፣ ከናሙና ክፍል" አልኩ። ድምፄ ከግቢው ማዶ ተመልሶ መጣብኝ። "ነጩን ከረጢት ያየሁት በርሜሎቹ የተመለሱ ዕለት ነው። ሱቺን እንዳላጠፋች አውቅ ነበር። ስሟ በዚህ ሲጠራ እዚያ ተቀምጬ ነበር። ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። ማንም ባይደርስብኝ አሁንም ዝም እል ነበር።"

የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም።

ከስልኩ የአሮጊት ድምፅ መጣ፣ ግልጽ ብሎ፣ በማይክሮፎኑ በኩል ለአዳራሹ ሁሉ። "ማናት እሷ፣ ሱቺን? ያቺ ቶፉ የሰጠሻት ልጅ ናት?"

"አዎ፣ እማዬ" አለች ሱቺን። "እሷ ናት።"

ስልኩ ተዘጋ።

ሱቺን በሳምንቱ ተመለሰች። ማድረቂያውን አሁን በታዘዘው ሰዓት ታጠፋዋለች፣ ጥቂት እርጥበት ትተውበታለች፤ በርሜሎቻችን ነጭ ሆነው ሄደው ነጭ ሆነው ይከፈታሉ። እኔ አልተባረርኩም፤ ሼን ወሬ አይወዱም። ናሙናውን በየቀኑ የምታመጣልኝ ሱቺን ናት፤ አንድ ዙር ላላ አድርጋ አስራ፣ ቀኑን በራሷ እጅ ጽፋ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ሰኞ ሰኞ ከመንደር ስትመጣ ለፈረቃው ሁሉ ቶፉ ይዛ ትመጣለች። ለመምህሬ ትልቁን ቁራጭ ትሰጣቸዋለች። ለኔ አምጥታልኝ አታውቅም።